የመቀሱ ድንጋይ ባለቤት

ይህች ከተማ የአሁኑን ጨምሮ ሙታኗን አራት ጊዜ ከቦታቸው አስነስታለች። ይህን ነገር የታሪክ መጽሐፉ ላይ አታገኙትም። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩበት መጽሐፍ ነውና አውቀዋለሁ፤ ንጉሥ አለ፣ ቅጥር አለ፣ ቃጠሎ አለ፣ ባቡር አለ፣ ስለ ሙታን ግን አንዲት መስመር የለችም።

መጀመሪያ ከተማዋ በወንዙ መታጠፊያ ላይ የተሰባሰቡ የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች ነበረች። የሞተባቸውን ወንዝ ተሻግረው ይቀብሩ ነበር። ከዘመናት በኋላ አንድ ንጉሥ ድልድይ አሠራና ማዶውንም በቅጥር አጠረው፤ ሙታኑ ከበሩ ውጪ ወጡ፣ በቦታቸው ገበያ ቆመ። ኋላ ከተማዋ ተቃጥላ እንደገና ስትሠራ ቅጥሩ ፈረሰ። ከበሩ ውጪ የነበሩትን ኮረብታው ላይ አወጧቸውና በለቀቁት ቦታ ባቡር ጣቢያ ሠሩ። ደግሞ ሹማምንቱ ኮረብታው ነፋሻ መሆኑ ገባቸው፤ እነሱ ቪላ ይዘው ሲወጡ ሙታኑ ከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ወረዱ። አራተኛው መቃብር ይሄ ሜዳ ነው። ሚስቴን የቀበርኩት እዚያ ነው። አሁን በተራው ቀለበት መንገድ ሊያልፍበት ነው ተባለ።

ሰው “ከተማዋ አደገች” ይላል። እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያው ስል ኖርኩ። ስታድግ ማንን እየገፋች እንደሆነ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ደግነቱ፣ ቢጠይቁኝም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ታዲያ የመንገዱን ወሬ ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአራተኛው መቃብር ሰው የሚቀበረው በሞተበት ተራ ነበር። ሚስቴ የረድፉ መጀመሪያ ደረሳት፤ በአንድ በኩሏ አጥር፣ በሌላው በኩል ባዶ ቦታ። ያ ባዶ ቦታ የኔ ነው ብዬ በልቤ ይዤው ወደ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ልብስ ሰፊ መጥቶ ተጋደመበት። ልብስ ሰፊ መሆኑን ያወቅሁት ድንጋዩ ላይ መቀስ ተቀርጾ ስላየሁ ነው። ስሙን በርካሽ ቀለም ጽፈውት ኖሮ የመጀመሪያው ዝናብ አጠበው።

በየእሁዱ ስሄድ ከሱ ጋር እጣላለሁ። “አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?” እለዋለሁ። “ቢያንስ ጀርባህን ስጣት እንጂ!” ያመጣሁትን አበባ ነፋስ ወስዶ እሱ ላይ ቢያሳርፈው አንስቼ ወደሷ እመልሰዋለሁ። በሕይወት ሳለች እንኳ እንደዚያ ቀንቼባት አላውቅም። ሊጠይቀው የመጣ ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም። አረም ሲወርሰው ማየት ያስጠላኝና፣ “ለሷ ብዬ ነው፣ ላንተ እንዳይመስልህ” እያልኩ እነቅልለት ነበር።

የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ደንቡን ስታስረዳኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የማንሳቱ ቀን ቤተሰብ በአካል ተገኝቶ “የኔ ነው” ያለው ሟች ወደ አዲሱ መቃብር ይሄዳል። ለአንድ ቤተሰብ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይሰጠዋል፣ አንዱ ለሟች፣ አንዱ ለቀሪው። የኔ ነው ባይ ያጣ ግን ከመሰሎቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ በጅምላ ይገባል።

“ስለዚህ አጠገባቸው ያለው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ” አለችኝ። ከማዘጋጃ ቤት ደስ የሚል ነገር ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሚስቴ ብቻዋን መተኛት አትወድም ነበር። ፈተና ሳርም ካመሸሁ ወንበሯን ጎትታ መጥታ አጠገቤ ታንቀላፋለች። እሷ ካለፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ እንኳ ሰው የመጣ መስሎኝ ቀና እላለሁ። ከእንግዲህ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ አጠገብ መተኛት።

ለማንሳቱ አብሮኝ እንዲቆም ለልጄ ደወልኩ። ባሕር ማዶ የሚኖር እንዳይመስላችሁ፤ ወንዝ ማዶ ነው።

“አባዬ፣ መንገዱን ታውቀው የለ፣ ዝግ ነው” አለኝ። “ቀለበት መንገዱ ይለቅ ብቻ፣ ሁሌ እየመጣሁ እጠይቅሃለሁ።”

“በእናትህ ላይ እኮ ነው የሚያልፈው” አልኩት።

እሱም ስብሰባ እንዳለበት ነገረኝ።

በቀኑ ሰዉ ከገመድ ወዲህ ተኮልኩሎ ቆመ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ እየሄደ ይጣራል፤ ስም ያለውን በስሙ፣ የሌለውን በምልክቱ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ምላሽ ካጣ ድንጋዩን ቀይ ቀለም ቀብቶ ያልፋል። ሚስቴን በስሟ ጠራት። “አቤት!” ብዬ ስጮህ አጠገቤ የነበሩት ደነገጡ። ቦታዬን አገኘሁ ማለት ነው።

“የመቀሱ ድንጋይ ባለቤት!” አለ ቀጥሎ።

ማንም የለም።

ስም መጥራት የኔ ሥራ ነበር፤ አቤት ባይ የታጣበትን ዝምታ አውቀዋለሁ። ክፍሉ በሙሉ ወደ አንዷ ባዶ ወንበር ይዞራል። አንዳንዴ አንዱ ቀበጥ ለቀረ ጓደኛው “አቤት!” ይልለታል። እኔ ግን አልሸወድም፤ ጀርባዬን ሰጥቼም ቢሆን ድምፁን ለይቼ፣ “የሌለ ሰው አለ ይባላል?” ብዬ ከክፍል አስወጣዋለሁ።

“የመቀሱ ድንጋይ ባለቤት!”

ይበልህ፣ አልኩ በልቤ፤ ቦታዬን ቀምተህ ስትኖር። ግን ዝናብ ሲመጣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ቤቴ እሮጥ ነበር፤ እሷ ጋ የሚቀረው እሱ ነው። ሲመሽ እኔ በሬን ዘግቼ እገባለሁ፤ እሷ ጋ የሚያድረው እሱ ነው። አለቃው ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረና ሦስተኛውን ጠራ።

“አቤት!” አለ አንድ ሰው። እኔ ነበርኩ።

ጸሐፊዋ እየሮጠች መጣች። “ምን ነካዎት፣ ጋሼ? ምንዎ ነው?”

“ወንድሜ።”

“ወንድም አለኝ አላሉኝም እኮ።”

“ተኳርፈን ነበር።”

መዋሸቴ ገብቷታል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ሁለተኛው ቦታ በሳቸው ሊያዝ ነው። እርስዎስ?” አለችኝ። “በሞቴ፣ ትንሽ ያስቡበት።”

“የኔ ልጅ፣ አቤት ከተባለ በኋላ ምን ማሰብ አለ?” አልኳት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለልጄ ስነግረው፣ “ቦታህን ለማታውቀው ሰው?” ብሎ ጮኸብኝ። “ካንተ ይልቅ እሱን አዘውትሬ አየዋለሁ” አልኩት። ወዲያው ቆጨኝ፤ እውነት ስለሆነ ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም።

አሁን መንገዱ አልቋል። “ድንቅ መንገድ ነው፣ አባዬ” አለኝ በስልክ፣ “ቢሮ በሩብ ሰዓት እገባለሁ።” እኔ ጋ ገና አልደረሰም።

አዲሱ መቃብር ከከተማ ውጪ ነው ይላሉ። ለጊዜው ነዋ! የዚህች ከተማ ሆድ መቼ ሞልቶ ያውቃል? እዚያም ትደርሳለች፤ ያኔም አንድ አለቃ ድምፅ ማጉያ ይዞ ይመጣል። እሁድ እሁድ የሁለቱንም አረም ነቅዬ ስጨርስ፣ እንደ ድሮዬ ቀጥ ብዬ ቆሜ ስም እጠራለሁ። እሷን በስሟ እጠራና “አቤት” እልላታለሁ። “መቀሱ!” ብዬ ለሱም “አቤት” እላለሁ። ከዚያ “መምህሩ!” እላለሁ፣ ሦስት ጊዜ፣ እና ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ትንሽ ብቻ ጠብቄ እሄዳለሁ።