ያልተፈረመው ስልሳ አንድ

መምህር ዳምጤ አግዳሚው ላይ ወደ ኛጆክ ጠጋ አለና "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ሳይወቅስ እንደማይነሳ የታወቀ ነው። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነበር። ኒውላንድ ሰፈር ያለው የሟቹ አባቷ የመምህር ጋትሉዋክ ግቢ ከማንጎው ጥላ እስከ አጥሩ ድረስ በሰው ተሞልቷል፤ አግዳሚዎቹ ከትምህርት ቤቱ በውሰት የመጡ ናቸው። መዘምራኑም ከበሯቸውን አስቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነው።

"አባትሽ ከመቶ ስልሳ አንድ ነው የሰጠሽ" አላት በሹክሹክታ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? መምህራኑ ሁሉ ከትናንት ጀምሮ ሲያንሾካሹኩበት የዋሉትን ነገር ኛጆክ ገና አሁን መስማቷ ነው።

ኛጆክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለመምህርነት ነው የምትማረው። ለማስተማር ልምምድ ወደ አገሯ ወደ ጋምቤላ የተላከችው ከክፍል ጓደኛዋ ከሪክና ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ነበር። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና አራት ዓመቷ ስለሆነ የራሷን ተወላጆች መምህር ሆነው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ለማየት ቸኩላለች። አንደኛ ለሚወጣው ሰልጣኝ ሽልማት ተዘጋጅቷል፤ ቀይ ብስክሌት፣ ባለደወል፣ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው። ኛጆክ ስትመረቅ የምትመደበው ኢታንግ መንገድ ላይ ካለች የመንደር ትምህርት ቤት እንደሆነ ተነግሯታል። በእግር ለሚሄድ ሰው ደግሞ የዚያ አገር ፀሐይ ምሕረት የላትም። ብስክሌቱን ለማየት ብቻ በዕቃ ግምጃ ቤቱ መስኮት ሦስት ጊዜ አጮልቃለች።

መዛኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ዳምጤ፣ መምህርት ስንታየሁና የገዛ አባቷ። አባት ልጁን ይመዝናል ወይ ተብሎ ሌላ ሰው ተፈልጎ ነበር። ለሥራው የሚበቃ አራተኛ ሰው ግን በከተማው አልተገኘም። ዳምጤ ዘጠና፣ ስንታየሁ ዘጠና ሁለት ሰጧት። የአባቷ ስልሳ አንድ ከተደመረ አማካይዋ ወደ ሰማንያ አንድ ይወርድና ሰማንያ አራት ያገኘው ሪክ ይቀድማታል።

"ግን አልፈረምሽበትም" አለ ዳምጤ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰልጣኙ ራሱ አይቶ ያልፈረመበት የመመዘኛ ቅጽ አይያዝም፤ ማንም በማያውቀው ነጥብ እንዳይወድቅ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ጋትሉዋክ ስታስተምር ባያት ማግሥት ወባ ጣለው፤ በአምስተኛው ቀን አረፈ። ቅጹን ዳምጤ ከሟቹ ቦርሳ ውስጥ አገኘው። ውጤቱ የሚላከው ነገ ጠዋት ነው። ዝም በይ ብቻ፣ ብስክሌቱ ያንቺ ነው አላት። ዳምጤ ክፉ ሰው አይደለም። ከወሎ በሰፈራ የመጣ ጊዜ ጋትሉዋክ ነው ቤቱን አብሮት የሠራው፤ ወንድሙን የቀበረ ያህል አዝኗል።

ኛጆክ ተናደደች። ስልሳ አንድ! ሰው አባቱን በተቀበረ ማግሥት ይቆጣዋል? ተቆጣችው። አባቷ ድሮም ምስጋና ከአፉ አይወጣም ነበር። በሰባት ዓመቷ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፋ ብታሳየው፣ ትክ ብሎ አየና "ጥሩ፤ አሁን የእናትሽን ጻፊ" አላት። እናቷ ኛሬአት ይህን ባነሳች ቁጥር፣ እኔንም ሲያገባኝ ቆንጆ ነሽ አላለኝም፣ ገና ትደርሺያለሽ ነው ያለኝ እያለች ትስቅ ነበር።

ከማንጎው ሥር ደግሞ የአባቷ የድሮ ተማሪ ጋትኩዋት ተነስቶ እያወራ ነው። ጋትሉዋክ አንድ ሰኞ ክፍል ገብቶ የባሮ ወንዝ ከየት ይነሳል ብሎ ጠየቀ። መልስ ጠፋ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ደወል እስኪደወል ዝም አለ። ማክሰኞም መጥቶ ተቀመጠ፣ ዝም። ረቡዕ ላይ ጋትኩዋት ዝምታው ቢያንገሸግሸው የኢሉባቦር ነጋዴ ፈልጎ ጠይቆ መጥቶ መለሰ። ይኸውና እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለቀስተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ኛሬአትም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

ኛጆክ ግን አልሳቀችም። "ቅጹን ያሳዩኝ" አለችው።

ዳምጤ እያመነታ ከኮቱ ኪስ አወጣው። የአባቷ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ።

"ዝግጅት ጥሩ። ድምፅ ጥሩ። በአርባ ደቂቃ አሥራ ሰባት ጥያቄ ጠየቀች፤ አሥራ ስድስቱን ራሷ መለሰች። አንዱን ኛኬር የምትባል ተማሪ ቀደመቻት። ልጆቹ ያውቁ ነበር፣ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። መጠበቅ ከለመደች ከእኔ ትበልጣለች።"

ኛጆክ ሳቋ አመለጣት። ኛኬርን አስታወሰቻት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና እጇን አውጥታ፣ ቢቸግራት ብድግ ብላ የመለሰችውን ልጅ። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ከእኔ ትበልጣለች! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ከስልሳ አንዱ ግርጌ ተጽፎ ተገኘ።

እንባዋን ጠርጋ ወደ ዳምጤ ዞረች።

"ቲቸር፣ እርስዎ ለምን ዘጠና ሰጡኝ?"

ዳምጤ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ኛጆክ አልቸኮለችም፤ ጠበቀችው።

"አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር" አለ በመጨረሻ። "እሱ እያየኝ ልጁን ዝቅ ማድረግ ይሉኝታ ያዘኝ።"

"መምህርት ስንታየሁስ?"

"እሷ የኔን አይታ ሞላች።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ኛጆክ አልተቀየመችውም። ሽልማቱን ግን አሁንም ፈለገችው፤ የቀዩ ብስክሌት ደወል ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ሳትፈርም ብትነሳ ማንም አይጠይቃትም፤ የአባቷ የመጨረሻ ሥራ ግን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

"እስክርቢቶ ይስጡኝ።"

"ልጄ፣ ተይ እንጂ። ሪክ እኮ ብስክሌት መንዳት እንኳ አይችልም።"

"አስተምረዋለሁ" አለች። "ስልሳ አንድ እስኪያመጣ።"

ዳምጤ ፈገግታ ቀደመውና እስክርቢቶውን አቀበላት። መዘምራኑ ከበሮውን አንስተው ነበር። ኛጆክ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ፊርማዋ እንደ ወትሮው ሁለት ጭረት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአባቷ ፊርማ ጎን ሙሉ ስሟን መጻፍ ጀመረች። ኛጆክ ብላ ጻፈች። የአባቷን ስም ስትጀምር እጇ ዘገመ። የመጨረሻዋ ፊደል ስትቀራት እስክርቢቶውን ከወረቀቱ ሳታነሳ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጨረሰችው።