የተሰነጠቀው ድንጋይ ፎቶ

እኛ ከተማ ፎስሞ ውስጥ ሰው የሚስቱን ገመና ይነግራችሁ ይሆናል፤ ቢጫውን እንጆሪ የሚለቅምበትን ረግረግ ግን ሞቶም አይነግራችሁም። የሚበስለው በኦገስት ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ያኔ ጎረቤት ጎረቤቱን በመስኮት ይጠብቃል። አያቴ ቶርቦርግ ልብስ ልታጥብ የምትሄድ መስላ ባልዲዋን በአንሶላ ትሸፍንና መጀመሪያ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፤ ከዚያ ዞራ በጫካው ትወጣለች። ጎረቤታችን ኡድቫር ሠላሳ ዓመት ተከትሏታል። ሠላሳውንም ዓመት ጭቃ ውስጥ ጥላው ጠፍታለች።

እኔ ረግረጉን ያየሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ቄሱ ፊት ቆሜ ቃለ እምነቱን ካልኩ በኋላ። ልጅ ዐዋቂ የሚባለው ያኔ ነው፤ በቤታችን ከዚያ በፊት ረግረጉ ለማንም አይገለጥም። እናቴ ስለሞተች የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። መሃሉ ላይ በመጥረቢያ የተመታ የሚመስል ለሁለት የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ። አያቴ እሱ ላይ አስቀመጠችኝና «ለአንድ ሰው ከነገርሽ ለሁሉም ነግረሻል» አለችኝ።

«ለማንም አልናገርም» አልኳት። እውነቴን ነበር። አልተናገርኩምም።

ከተማችን የዛሬ ሃምሳ ዓመት አራት ቤትና አንድ ፏፏቴ ነበረች። ከዚያ ፏፏቴውን ቧንቧ ውስጥ ከተው ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ከፈቱ። ሰው መጣ፣ ሰውም ሰው አመጣ፣ አሁን ሦስት ሺህ ሞልተናል። የሠራተኞቹ ቤቶች ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው በየዓመቱ አንድ ረድፍ ወደ ጫካው ይገባሉ። ነባሮቹ አዲሶቹን አይወዱም፣ አዲሶቹም ነባሮቹን አይወዱም፤ መሃል ላይ የመጡት ደግሞ ሁለቱንም አይወዱም። ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

በ1961 ኦገስት ላይ የከተማዋ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር በሠራተኞች አዳራሽ የድሮ ፎቶ ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ ተባለ። ሰብሳቢው ኡድቫር ሆነ። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን አይገባውም። እኔ ከሰባተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አቁሜ አዳራሹን እጠርግ ነበር። ሚስማር በአፉ ይዞ ፎቶ ሲሰቅል አየኝ።

«ከእናንተ ቤት ምንም አልመጣም» አለ። «ከየትስ ይመጣል? ከፋብሪካው ጋር የመጣችሁ ናችሁ።»

«ፋብሪካው ሳይታሰብ ነው እዚህ የነበርነው፣ ጋሼ።»

«ማን አየ?»

«የእርስዎ ቅድመ አያት አይተዋል። የኛን ላም ሲሰርቁ።»

«ምላስሽ ከመጥረጊያሽ ይረዝማል። ማስረጃ ካለሽ አምጪ። ከሌለሽ በሩ ላይ የሚለጠፈው የነባር ቤተሰቦች ስም ዝርዝር ውስጥ አልጽፋችሁም።»

ይሄን ሰምቼ ዝም ልል ነው? ምሳ ሰዓት ላይ አያቴ በሌለችበት ሳጥኗን ከፍቼ የቅድመ አያቴን ፎቶ አወጣሁ። መሬት የሚለኩ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ያነሷት ነው። ጀርባው ላይ 1897 ይላል። ባልዲ ይዛ ቆማለች፤ ከኋላዋ የተሰነጠቀው ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ ደግሞ ሁለት ቀንድ ያወጣው ተራራ። እኔ ያየሁት ቅድመ አያቴንና ዓመተ ምህረቱን ብቻ ነው።

«በሉ ይጻፉን፣ ጋሼ።»

ኡድቫር ጀርባውን አነበበ። ፎቶውን ገለበጠው። መነጽሩን አደረገ። ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ከዚያ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የቤተሰባችንን ስም በሚያምር ጽሕፈት ጻፈና «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ።

ኡድቫር በሕይወቱ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ አያውቅም። ነገሩ ያኔ ሊሸተኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ አዳራሹን ሁለቴ ጠረግሁት።

እሁድ ሲከፈት ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ፊት ተጠቀጠቀ። ስለ ቅድመ አያቴ ማንም አልጠየቀም። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ «ይሄ ተራራ በየት በኩል ሲታይ ነው ሁለት ቀንድ የሚሆነው?» አለች።

«ከሰሜን» አላት ባሏ። «ከአሮጌው የግንድ መጎተቻ መንገድ በላይ።»

ክው አልኩ። ዞር ስል አያቴ በሩ ላይ ቆማለች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ኮቷን ቆልፋ ወጣች።

ሰኞ ማለዳ ከአያቴ ጋር ስንደርስ ረግረጉ ገበያ መስሏል። አርባ ሰው ይሆናል። ልጆቻቸው ገና ያልበሰለውን ቀዩን ሳይቀር ይነቅላሉ። ረግረግ የማንም ስለሆነ ማባረር አይቻልም፤ የሚቻለው መደበቅ ብቻ ነው። ኡድቫር የሞላ ባልዲውን እግሩ ሥር አድርጎ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

«ደህና አደርሽ ቶርቦርግ» አለ። «ዛሬስ ዘገየሽ።»

«ሠላሳ ዓመት የዘገየ ሰው ነው የሚናገረኝ» አለች አያቴ። «ያውም ልጅ መርታው።»

አንድም ፍሬ ሳትለቅም ተመለሰች። መንገድ ላይ «ለማንም አልተናገርኩም እኮ» አልኳት።

«አልተናገርሽም። ግድግዳ ላይ አሰቀልሽው እንጂ።»

ከዚያ እስከ በረዶው ድረስ «ጨው አቀብዪኝ» ብቻ ነው የምትለኝ።

በዓመቱ ረግረጉ በሰው እግር ተረግጦ ጭቃ ብቻ ሆነ። ኦገስት ሲመጣ ግን አያቴ እንደ ልማዷ ባልዲዋን በአንሶላ ሸፈነች። ሌላ ረግረግ አላት። ሌላ ረግረግ እያላት ነው እኔን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ያስማለችኝ።

«ልምጣ?» አልኳት።

«ልብስ ላጥብ ነው።»

ተከተልኳት። ከዛፍ ዛፍ እየተሸሸግሁ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ እየገባሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል በጫካው አዞረችኝ። በመጨረሻ ከቁጥቋጦው ስወጣ ሠራተኞች አዳራሽ ፊት ለፊት ነኝ። አያቴ ደረጃው ላይ፣ ስማችን መጀመሪያ ላይ ከተጻፈበት ዝርዝር ሥር ተቀምጣ የቦት ጫማዋን ጭቃ በእንጨት ትፍቃለች።

«ኡድቫር ከአንቺ የተሻለ ይደበቅ ነበር» አለች። «ሂጂ ቤት ግቢ።»

ገባሁ። ወደ ማታ ባልዲው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በሰሃን አድርጋ ክሬም ጨምራ ሰጠችኝ። ሁሉንም በላሁት። ከድሮው ይበልጥ ይጣፍጣል፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።