እንግሊዞች የሸለሙት መጽሐፍ

ላሊበላ የምሠራበት ሆቴል ያደረ ቱሪስት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ትቶ ሄደ። ሽፋኑ ላይ የዓመቱን ታላቅ ሽልማት ማሸነፉ ተጽፏል። የውጭ መጽሐፍ ከሚወርሰው የቀበሌው ካድሬ ቀድሜ አነሳሁት። ቋንቋውን ራሴን ያስተማርኩ ነኝና አንብቤ ጨረስኩት፤ ከዚያም ሴት ነሽ ብለው ቅኔ ቤት ወደከለከሉኝ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ይዤው ሄድኩ፣ ጉብዝናዬን እንዲያዩ።

«ደራሲው ዳኞቹ ፊት ቆሞ በቃሉ ተወጣው?» አሉኝ።

«የለም የኔታ፣ ጽፎ ነው የሰጣቸው።»

«እያዩ ማንበብማ ማን ያቅተዋል? ሽልማታቸውን አባክነዋል።»

ተናደድኩ። መጽሐፉን ከድኜ ስለ አንዲት ልጅ የሚያወራውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ በአማርኛ በቃሌ ተወጣሁላቸው። ተማሪዎቹ ቅኔ ቆጠራቸውን ትተው ከበቡኝ።

«ልጅቱስ ኋላ ምን ሆነች?» አሉ መሪጌታ።

«ቅኔ ቤት ካልገባሁ አልናገርም።»

«እንግዲያ ነገ በጠዋት ነይ፤ ይህ ምላስሽ ግን ደጅ ይቆይ።»

«እሱን ደጅ ትቼማ በምን ልቀኝ ነው የኔታ?»