ደንገል ሲያልፍ

ቀጥ ያለ ነበር፣ መስመሩ። እንደ ማለዳ ጣና... ነፋስ እንዳልነካው።

ዘጌ ዳርቻ፣ ጀልባ በሚመላለስበት ጠባብ ውሃ ሥር፣ የብረትን ማለፍ የሚያውቅ መሣሪያ ተተክሏል። ትርንጎ ከዳር፣ ከቆርቆሮ ክፍሏ ሆና መሣሪያው ኮምፒውተሯ ላይ የሚያሰምረውን መስመር ትጠብቃለች። ሥራዋ ነው፣ የሚያልፉትን ጀልባዎች መቁጠር።

ብረት ሲያልፍ መስመሩ ይነሣል፣ ይተኛል። ደንገል ሲያልፍ... ዝም።

አባቷ አያ ደምለው በደንገል ታንኳ ነበር የሚያልፈው። ማለዳ ማለዳ፣ መረቡን ሊያነሣ፣ መቅዘፊያውን ወደ መስኮቷ ከፍ እያደረገ። እሷ ታየዋለች። መስመሩ ግን... ዝም።

«መሣሪያሽ አየኝ ዛሬ?» ይላት ነበር ሲመለስ፣ ታንኳውን እንዲደርቅ ዛፍ እያስደገፈ።

«አላየህም አባዬ። ብረት ብቻ ነው የሚያውቅ።»

«የነጋዴን ጀልባ ቆጥሮ እኔን የሚዘል! ይኸ ባለሥልጣን ነው እንጂ መሣሪያ ነው?»

አንድ ማለዳ ጭጋግ ወደቀ። መስኮቱ ነጭ፣ ውሃው ነጭ፣ የሞተር ድምፅ የለ።

መስመሩ ግን ተነሣ። ትንሽ... እንደ ቅንድብ። መልሶም ተኛ።

ሮጣ ወጣች። ከጭጋጉ ውስጥ የአባቷ ሳቅ መጣ። ታንኳው ላይ፣ ከመረቡ ጎን፣ ድጅኖ ተጋድሟል፤ ጓሮ የሚቆፍርበት ያ ከባድ ብረት።

«አሁንስ?»

«አሁን አየህ!»

ከዚያ ወዲያ ድጅኖው ከታንኳው አልወረደም። ጭጋግ ቢሆን፣ ካፊያ ቢሆን፣ ቅንድቡ ይነሣል፣ ይተኛል። ደህና አደርሽ ማለቱ ነበር። ደህና አደርኩ ትላለች፣ ለመስመሩ።

ክረምት ሲገባ ሳል ያዘው። ክረምቱ ሳይወጣ... ሄደ።

ብረት አለፈ፤ መስመሩ ተነሣ፣ ተኛ። ሌላ ብረት፤ ተነሣ፣ ተኛ። ያ ትንሹ ቅንድብ ግን... ዝም።

አርባው በወጣ ማግስት፣ ድጅኖውን አባቷ በመጨረሻ በሠራው ታንኳ ጭና ቀዘፈች። መሣሪያው ካለበት ስትደርስ በገመድ አሰረችው። ቀስ አድርጋ አወረደችው... የተኛ ሕፃን እንደሚያወርዱ። ገመዱንም ለቀቀች።

ክፍሏ ስትገባ መስመሩ ተነሥቶ ነበር። ጠበቀች። አልተኛም።

ከባሕር ዳር የሥራ ባልደረባዋ ደወለ።

«ትርንጎ፣ መስመሩ ከፍ እንዳለ ቀረ እኮ! ጀልባ ቆሞበታል እንዴ?»

«አዎ፣ ቆሞበታል።»

«መቼ ይሄድልናል ታዲያ?»

ወደ ውሃው አየች።

«አይሄድም። አንተ አሁን ከፍ ካለበት ጀምረህ ቁጠር። የሚያልፉት በላዩ ይታያሉ።»

ቀጥ ያለ ነው፣ መስመሩ... ከፍ ብሎ። እንደ ማለዳ ጣና፣ ታንኳ እንደተሸከመ።