አሥራ ሁለተኛዋ ሴት

ክላይቭ ቢስዊክ አርባ ዓመት ሙሉ የሁዮንቪልን ተማሪዎች በአውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ከታዝማኒያ ደሴት የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሜልበርን ድረስ፣ ሁለቱንም ጊዜ መጽሐፍ ሊገዛ። ግን የባማኮ ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን በየትኞቹ ጣቶቹ መሃል እንደሚይዝ ጠይቁት፤ ይነግራችኋል። የሊዝበን ትራም ነጂዎች ምሳቸውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ የጃፓን ጠላቂ ሴቶች ከባሕር ሲወጡ በምን ዓይነት ጨርቅ ራሳቸውን እንደሚያስሩ ያውቃል። አንድም ቀን በቦታው አልተገኘም። ሁሉንም ያየው ከፎቶግራፍ መጻሕፍቱ ነው።

መጻሕፍቱ አንድ ሺህ አንድ መቶ ናቸው። የሚኖሩት ከቤቱ ኋላ፣ አባቱ በተዉለት የፖም ማሸጊያ ሼድ ውስጥ ነው፤ መደርደሪያቸውም የድሮ የፖም ሣጥን ነው። ክረምት ሲገባ ከወንዙ የሚነሳው እርጥበት ወረቀት ስለሚያበላሽ፣ ክላይቭ በራሱ መኝታ ቤት ያላነደደውን እሳት እዚያ ያነዳል። አደራደሩ ደግሞ የራሱ ነው። በፊደል ተራ አይሄድም፣ በፎቶ አንሺው ስምም አይሄድም። የድልድዮቹ መጽሐፍ የተቀመጠው ከወንዝ ዋናተኞቹ አጠገብ ነው፤ ልጆቹ የሚዘሉት ከድልድይ ነዋ። የከረሜላ ፋብሪካው ከጥርስ ሐኪሞቹ ጎን ነው። የሙሽሮቹና የቦክሰኞቹ ጉርብትና ምክንያት ምን እንደሆነ ግን ክላይቭ ሲጠየቅ ይስቃል እንጂ አይናገርም።

«ሥዕል ብቻ ለሆነ መጽሐፍ ይሄ ሁሉ ድካም» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚለውን ሰው እዚያ ሼድ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብቻ አስቀምጡት። ሙያው ምንም ይሁን፣ ክላይቭ የሙያውን መጽሐፍ አውጥቶ ፊቱ ያስቀምጥለታል፤ ሰውዬውም ሁለተኛ አይናገርም። ቧንቧ ሠራተኛው የቦምቤይ ቧንቧ ሠራተኞችን አይቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሲያስጠጋ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ሜርል ግን በቀላሉ አትደነቅም። «ወንድሜ ዓለምን ሁሉ አይቶ ጨረሰ፣ የራሱን ካልሲ ግን እስከ ዛሬ ፈልጎ አላገኘም» ትላለች።

ክላይቭ ሕግ አለው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አይወረወርም፤ ትንሽ ትራስ ላይ ይተኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ ስንዝር በላይ አይከፈትም። የድሮ ሙጫ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ነውና ገልበጥ ካደረጉት ጀርባው ይሰነጠቃል፤ ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ቅጠሉ የወለቀ መጽሐፍ ደግሞ በሰብሳቢዎች ዓይን እንደ ሞተ ይቆጠራል። ስለዚህ ከእንጨት የጠረባቸው ሁለት መደገፊያዎች አሉት። መጽሐፉ በሁለቱ መሃል ገብቶ እንደ ተከፈተ በር ይቆማል፣ አንባቢውም አንገቱን አዘንብሎ ወደ ውስጥ ያያል።

ከአንድ ሺህ አንድ መቶው አንድ ምረጥ ቢሉት የሚመርጠው የጃፓኑን ወይም የሊዝበኑን አይደለም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ ክላይቭ ግን የቅርቡን ነው የሚያስበልጠው። መጽሐፉ «ፖም የሚጠቀልሉ እጆች» ይባላል፤ ፍራንክሊን በሚባለው በዚሁ ወንዝ ዳር መንደር፣ በ1962 እንደ ፈረንጆቹ፣ ከላትቪያ ተሰዶ የመጣ አንድ ፎቶ አንሺ በአንድ ማሸጊያ ሼድ ሦስት ሳምንት ሰንብቶ ያነሳው ነው። ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ፤ ፎቶ አንሺው ለሸለቆው ሰዎች አደለው። ከአምስት ዓመት በኋላ የስልሳ ሰባቱ የሰደድ እሳት መጣና ቤቱንም የፖም ዛፉንም መጽሐፉንም በአንድ ከሰዓት በላው። ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ቢኖር ክላይቭ በሰማ ነበር።

በሐምሌ፣ ውርጭ በበዛበት ሳምንት፣ ስልክ ተደወለለት። የደወለችው ግዌንዳ ዲሪን የምትባል፣ በሰሜኑ ጫፍ በበርኒ የምትኖር፣ ስልሳ ዓመት የሞላት ጡረተኛ ነርስ ናት። እናቷ አይሪስ በፍራንክሊን ፖም በወረቀት ትጠቀልል ነበር። ግዌንዳ ሦስት ዓመት ሳይሞላት አይሪስ በሳንባ ምች ሞተች፤ ቤታቸው ደግሞ በእሳቱ ከነፎቶዎቹ ተቃጠለ። አባቷ ልጁን ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ስለ ሚስቱም ደግሞ አልተናገረም። ግዌንዳ የእናቷን ፊት አታውቀውም። አሁን ግን በዘጠና አንድ ዓመታቸው በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ አክስቷ፣ ድንገት፣ ሾርባ እየጠጡ፣ አይሪስ መጽሐፍ ላይ ወጥታ ነበር እኮ አሏት። ግዌንዳም መጽሐፉ ያለው ክላይቭ ጋ መሆኑን ጠይቃ ደረሰችበት።

ክላይቭ አላመነታም። «የሼዱ ሴቶች በሙሉ የሚታዩት በሁለት ገጽ በተዘረጋው ትልቁ ፎቶ ላይ ነው፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ የአሥራ አንዱንም ስም ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ሰብስቤ ጽፌያለሁ፣ አይሪስ የምትባል የለችም» አላት። መጽሐፉን እንደ መዳፉ እንደሚያውቀውም ጨመረበት። ሴትዮዋ አመስግና ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ሳትነግረው መጣች። አራት ሰዓት ነድታ፣ በወፍራም ሹራብ ተጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች። «እርስዎን አላመንኩም ማለቴ አይደለም» አለች። «በዓይኔ አይቼ ቁርጤን ልወቅ ብዬ ነው።»

«እዚህ ሰፈር እርስዎ የሚባለው ዳኛ ብቻ ነው። አንተ በይኝ። እጅሽን ታጠቢና ግቢ» አላት ክላይቭ።

ሰብሳቢ ሆኖ የተፈለገውን መጽሐፍ ቀድሞ የሚያወጣ የለም። ግዌንዳ ዓይኗ ትራሱ ላይ ሆኖ፣ እሱ ሌላ ሌላውን ያመጣላታል። የእህል ጎተራዎች። በዝናብ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች። ቀጥሎ ደግሞ ስለ ነርሶች ብቻ የተሠራ የአንድ የፖላንድ ሆስፒታል መጽሐፍ። ትዕግሥቷን ልትጨርስ ደርሳ የነበረችው ሴት እዚህ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይቺ የአንሶላውን ጥግ አበላሽታዋለች» አለች። ገጽ ገለጠች። «ይቺኛዋ ግን ታውቃለች። እጇን እየው። እንዲህ የምታነጥፍ ሴት በሽተኛዋን አትጥልም።» ሳታውቀው ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከማታውቀው አገር፣ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ስትሠራ የዋለች ያህል ደስ አላት። ክላይቭ ይሄንን ያውቃል፤ መጻሕፍቱን የሚወድበት ምክንያትም ይሄው ነው።

ከዚያ «ፖም የሚጠቀልሉ እጆች»ን አመጣ። በመደገፊያዎቹ መሃል አቆመውና ትልቁ ፎቶ ላይ ከፈተላት። ሴቶቹ በረድፍ ቆመዋል፣ ከፊታቸው የፖም ክምር፣ በእጃቸው ስስ ወረቀት። ክላይቭ ከግራ ጀምሮ እያንዳንዷን በስሟ ጠራ። በግራው ገጽ ስድስት፣ በቀኙ አምስት። ግዌንዳ በጣቷ ሳትነካ አብራው ቆጠረች። አሥራ አንድ። አክስቷ «አሥራ ሁለት ነበሩ፣ አይሪስ መሃል ነበረች» ብለዋት ነበር። «በዘጠና አንድ ዓመት ቁጥር ቢሳሳት አይገርምም» አላት ክላይቭ፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነበር፣ አዝኖላታል።

እሷ አልተነሳችም። ፎቶው ላይ እንደተደፋች ቆየች።

«ይሄ እጅ የማን ነው?» አለች።

በግራው ገጽ መጨረሻ የቆመችው ስድስተኛዋ ሴት ትከሻ ላይ አንድ እጅ አርፏል። ክላይቭ ያንን እጅ ሠላሳ ዓመት አይቶታል። እንዲያውም ስለ ጣቶቹ አቀማመጥ ለእንግዶቹ ሲያወራ ኖሯል። የሰባተኛዋ ሴት ነው አለ። ግዌንዳ ግን በቀኙ ገጽ መጀመሪያ የቆመችውን ሰባተኛዋን አሳየችው፤ ሁለት እጆቿም ፖም ይጠቀልላሉ።

ሜርል ሻይ ይዛ ገባች። ነገሩ ሲነገራት መነጽሯን አጥልቃ አየች፣ ቀና ብላ ወንድሟን አየች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለቤት የሌለው እጅ ስታይ ኖረህ አንድ ቀን እንኳ አልገረመህም?»

ክላይቭ ተነሳ። የእጅ ባትሪ አመጣ። በሁለቱ ገጾች መጋጠሚያ፣ ወረቀቱ ወደ ጀርባው ታጥፎ በሚገባበት ጥልቅ ቦታ፣ ብርሃኑን ላከ። የመሐረብ ጫፍ ታየ። ከመሐረቡ ሥር ትንሽ ጆሮ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት የሚቻለው መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ብቻ ነው፤ ከተዘረጋ ደግሞ ያልቅለታል።

ይሄን ለመጽሐፍ ግድ የሌለው ሰው አይረዳውም። እኔ ግን ክላይቭን አልፈርድበትም። ሠላሳ ዓመት ከእርጥበት፣ ከብል፣ ከፀሐይ ጠብቆ ያቆየውን፣ ከእሳት የተረፈውን አንድ ነገር በገዛ እጁ ሊሰብረው ነው። ባትሪውን አጠፋ፣ አበራ፣ እንደገና አጠፋ።

ግዌንዳ ፊቱን አየችና ሹራቧን ሰበሰበች። «ተወው» አለች። «አይሆንም፣ ገባኝ። እጇን አይቻለሁ። ጥፍሯ እንደኔ አጭር ነው። ይበቃኛል።»

የምሯን ነበር ያለችው። ክላይቭ ያፈረው በዚህ ነው። ይቺ ሴት አራት ሰዓት ነድታ መጥታ አንድ እጅ በቃኝ ትላለች። እሱ ሙሉውን መጽሐፍ ይዞ፣ ከመካከላቸው የጎደለች ሰው እንዳለች እንኳ ለማወቅ አልፈለገም። ማየት የምችል ሰው ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰው ነበር።

«ተቀመጪ» አላት።

መደገፊያዎቹን አነሳ። መጽሐፉን ትራሱ ላይ ዘረጋና በሁለት መዳፉ መሃሉን ተጫነው። ጀርባው እንደ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሜርል ዓይኗን ጨፈነች። ሁለቱ ቅጠሎች ተራ በተራ ለቀቁ። ክላይቭ የደረቀውን ሙጫ ከጠርዛቸው በቢላ ጫፍ ፈቀፈቀ፣ እፍ አለበት፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ግማሽ ፊት በግራው ቅጠል፣ ግማሽ ፊት በቀኙ። አንዱን በጥፍሩ ጫፍ ገፋ፣ ትንሽ መለሰው፣ ደግሞ ገፋው፤ አፍንጫው ከአፍንጫው፣ ከንፈሩ ከከንፈሩ ገጠመ።

ሌሎቹ አሥራ አንዱ ፖማቸውን ያያሉ። እሷ ብቻ ቀና ብላ ፎቶ አንሺውን ታያለች፤ ሳቋን ለመያዝ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳለች። እጇ የጓደኛዋ ትከሻ ላይ ነው። ሥራዋን ትታ ጓደኛዋን ልታስቃት ይመስላል፣ ወይም ራሷ እንዳትስቅ ልትደገፍባት። ክላይቭ አንድ ሺህ አንድ መቶ መጽሐፍ አገላብጧል፤ ካየው ፊት ሁሉ ይሄን የመሰለ አላየም። ይሄንንም ጮክ ብሎ ተናገረው።

ግዌንዳ አላለቀሰችም። ሜርል ወንበሯን ጎትታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ልጅ ናት እኮ» አለች ግዌንዳ በመጨረሻ። «ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ እናቴ ሳስብ የማስበው ትልቅ ሰው ነበር። የምትቆጣኝ፣ የምትመክረኝ። ይቺ የልጅ ልጄ ታላቅ ብትሆን ነው።»

ክላይቭ ከመሳቢያው ሁለት ወፍራም ካርቶን አውጥቶ ቅጠሎቹን በመሃላቸው አደረገ፣ በጨርቅ ጥብጣብ አሰረና ሰጣት። መጽሐፍህ ይጎድልብሃል ብላ እጇን ሰበሰበች።

«እሷ ሳትታይ ነው የጎደለው» አለ። «ውሰጃት፣ ያንቺ ናት። አሥራ አንዱን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።»

መኪናዋ ድረስ ሸኟት። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ግዌንዳ ካርቶኑን ከኋላ ወንበር ላይ አኖረችው፤ ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና አንስታ ከጎኗ ባለው ወንበር አቆመችው። ቀበቶውን ሳብ አድርጋ በላዩ አሰረችበት፣ መጥበቁንም በእጇ ነካ አድርጋ አረጋገጠች።

«አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «መንገዱ ረጅም ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»