የጎሚስታው ደብዳቤ

ሥራዬ ወሬ ነው። ኢባዳን ከተማ ውስጥ ሴት ልጅ የሚድር ቤተሰብ ጥሎሽ በሚቀበልበት ቀን ማይክ ይዤ የሙሽሪት ወገን ምላስ እሆናለሁ። የወንዱን ወገን እቀልድበታለሁ፣ አስለምነዋለሁ፣ አስጨፍረዋለሁ፣ ሲደክመው ልጅቷን አስረክበዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሙሽራ ራሱን ስቶ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ሁለት አክስቶች በአንድ ወንበር ሲፋጁ አይቻለሁ። አፌ የተለጎመው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል፤ ነገሩን የጫርኩት እኔው ነኝና።

የልጅቷ አባት ባባ አኪንሶላ ይባላሉ። ሰፈሩ ግን ባባ ሰዋስው ነው የሚላቸው። አርባ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ቀይ ስክሪብቷቸው አልወጣም። የቤተ ክርስቲያኑን የእሑድ ወረቀት አርመው ለቄሱ ይመልሳሉ። የመድኃኒት ቤቱን ማስታወቂያ ቆመው ያርማሉ። ሰው ሲስቅባቸው አይገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ንቀውታል።

ከጥሎሹ ሁለት ሳምንት በፊት ፕሮግራሙን ላሳያቸው ቤታቸው ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ወረቀቴን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች በቀይ አዥጎረጎሩልኝ።

«ሞሮንኬ፣ ይሄን ቁጭ ብለሽ ነው የጻፍሽው ወይስ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥለሽ?»

«ባባ፣ እኔ የምጽፈው እንግዳው ምሳ መቼ እንደሚቀርብ እንዲያውቅ ነው። እስካሁን ማንም ተሳስቶ ሳይበላ አልሄደም።»

ልጃቸው አሪኬ ከጓዳ ሳቀች። አሪኬ ሬዲዮ ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ዜና የምታነበው በፒጂን፣ በዚያ በገበያውና በመንገዱ እንግሊዝኛ ነው። ከተማው ሁሉ ይሰማታል። አባቷ ድምፅዋ ሲመጣ ሬዲዮውን ይዘጋሉ።

«ይተዉአት አባዬ» አለች እጇን እያደራረቀች። «ዛሬ ይሄን ሁሉ ሕግ የሚጠብቅ ማን አለ? እንግሊዞቹ ራሳቸው ጥለውታል። ሰው ከተግባባ ምን ጎደለ?»

«እንግሊዞቹ ይጣሉት፤ የራሳቸው ነው። የሀብታም ልጅ ሲሳሳት ‹አነጋገሩ እንዲህ ነው› ይባልለታል። የድሃ ልጅ ሲሳሳት በር ይዘጋበታል። እኔ የኮኮዋ ለቃሚ ልጅ ነኝ። ትልልቅ ሰዎች ወንበር እንዲስቡልኝ ያደረገው ምን ይመስልሻል? መልኬ?»

«መልክዎማ አይደለም» አልኩ እኔ።

አሪኬ አልሳቀችም። «የኔን ዜና ዓሣ ሻጯም ሹፌሩም ይሰማዋል። የሚያጠፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ባባ ወረቀቴን አጥፈው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ ግን አባት የልጁን ድምፅ ሲያጠፋ አልወድም። ሲሸኙኝ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «የወንዱ ወገን ደብዳቤ ሥርዓት ያለው ይሁን፤ ንገሪያቸው» አሉኝ። ከልባቸው ነበር።

በኛ ወግ ልጅት የምትጠየቀው በደብዳቤ ነው። የወንዱ ቤተሰብ ይጽፋል፣ የሴቷ ቤተሰብ በጉባኤ ያስነብባል፣ መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ሙሽሪት ከክፍሏ አትወጣም። ዛሬ ዛሬ ማተሚያ ቤቶቹ አንዱን ደብዳቤ ስሙን ብቻ እየቀየሩ በወርቃማ ቀለም ያትሙታል፣ በሪባን ያስሩታል። በቃሌ ነው የማውቀው።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙሽራው ሪድዋንና አሥራ ሁለት ጓደኞቹ በወጉ መሠረት ወለሉ ላይ በደረታቸው ተዘረጉ።

«ዝቅ! አሁንም ዝቅ!» አልኩ። «አንተ ወፍራሙ፣ ሆድህ ደርሷል፤ ደረትህ የታለ?»

አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ። የሪድዋን አባት ከዓመት በፊት ስላረፉ ወገኑን የሚመሩት አጎቱ ባባ ጋኒዩ ነበሩ። ትሪ ይዘው መጡ። ትሪው ላይ ያለው ተራ ቡናማ ፖስታ ነው፤ ሪባን የለው፣ ወርቅ የለው።

«ምነው? ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» አልኩ በማይኩ።

ባባ ጋኒዩ አልሳቁም። «ይሄ ለልጅቷ አባት በእጃቸው ይሰጥ ተብለናል። እኛም አልከፈትነውም» አሉ። ማን እንዳለ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። ዝምታ አልወድም፤ ያመጣብኝም ይኸው ነው።

«ባባ ሰዋስው! ሰምተዋል? በእጅዎ ነው የመጣው! ፈተናውን ካላለፈ ሙሽሪት የለችም! ይታረም!»

«ይታረም! ይታረም!» አለ የኛ ወገን እያጨበጨበ። ከበሮ መቺውም ተከትሎ መታው።

ባባ ፈገግ ብለው ፖስታውን ቀደዱና ከሰፊው ቀሚሳቸው ኪስ ቀይዋን አወጡ። ሳቁ ጣራ ነካ። እኔም የሙሽራውን ጓደኞች እያስጨፈርኩ ጊዜ ሰጠኋቸው። አልፎ አልፎ ዞር ብዬ ሳያቸው አቀርቅረው ይሠራሉ። ሲያርሙ ፊታቸው ላይ ቁጣ አይታይም፤ እንዲያውም ያን ያህል ሰላም ሌላ ጊዜ አይቼባቸው አላውቅም። ጨርሰው ክዳኗን ገጠሙና ወረቀቱን ለአሪኬ ታናሽ እህት ለሲሚ ሰጧት። ማንበብ የእሷ ድርሻ ነው።

ሲሚ ወረቀቱን ዘረጋች። ከወረቀቱ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንብቢ እንጂ፣ ሙሽራው አረጀ!»

«አክስቴ ሞሮንኬ… አልችልም።»

ከፊት የተቀመጡት የወንዱ ሰዎች በወረቀቱ ጀርባ በኩል ሳይቀር ቀዩን አዩት። ዶሮ የታረደበት ይመስል ነበር። ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየከሰመ ወደ ኋላ ሄደ። ሄጄ ተቀበልኳት። ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት ነው፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ ፊደሉ ትልልቅ፣ ተጭነው የቀረጹት ዓይነት። ከግርጌው በቀይ «ከአሥር አራት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «እንደገና ይጻፍ»።

ባባ ጋኒዩ በትከሻዬ በኩል አዩት።

«ከአሥር አራት?» አሉ ቀስ ብለው። «ለወንድሜ?»

«የትኛው ወንድምዎ?» አልኩ።

«የሪድዋን አባት ነዋ! ሆስፒታል ተኝቶ የጻፈው ነው! ለዚህ ቀን አስቀምጡልኝ ብሎ አሽጎ የሰጠን ነው!» ድምፃቸው ተሰበረ፣ ወዲያው ደግሞ ገነፈለ። «የሙት ቃል ላይ ቀይ ቀለም? እንደገና ይጻፍ? ከየት ተነስቶ ይጻፈው? ሪድዋን፣ ተነስ! የኛ ሰዎች፣ እንውጣ!»

ማይኩ ክፍት ነበር። ሦስት መቶ ሰው ሰማው። የከበሮ መቺው እጅ አየር ላይ ቀረ። ‹ይታረም› ያልኩት እኔ ነኝ። ወንበሮች ይንኳኳሉ፣ የወንዱ ወገን ሴቶች ቦርሳቸውን እያነሱ ነው።

ሪድዋን ከወለሉ ተነስቶ ወረቀቱን ፈዞ አየው። «አባቴ መጻፍ አይችልም ነበር» አለ፤ ለማንም አይደለም። አባቱ መንገድ ዳር ዕድሜ ልካቸውን ጎማ የለጠፉ ጎሚስታ ነበሩ።

በዚህ መሐል የጓዳው በር ተበረገደ። አሪኬ የራስ መጠምጠሚያዋ ገና ሳይታሰር ወጣች። ደብዳቤው ተቀባይነት ሳያገኝ ሙሽሪት ስትወጣ በዘመኔ አላየሁም። ሁሉን በድምፅ ማጉያው ሰምታለች።

«አባዬ፣ ምን አደረጉ?»

ባባ ሰዋስው ስክሪብቶዋን እንደያዙ ቀርተዋል።

ያን ጊዜ የሪድዋን እናት ተነሱ። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው። መንገድ ተከፈተላቸው። ሊራገሙ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጥተው አጠገቤ ቆሙና ወረቀቱን በጣታቸው ነኩት።

«ቀዩ ምንድን ነው?»

ማንበብ አይችሉም።

«እርማት ነው፣ እማማ» አሉ ባባ ራሳቸው። ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስላል።

«አረሙለት?»

«አረምኩት።»

«ነጥብም ሰጡት?»

«ሰጠሁት።»

«ስንት?»

ዘጠኝ ይበሉ አልኩ በሆዴ። አሥር ይበሉ! እባክዎ ለአንዴ ብቻ ይዋሹ! ነገር ግን ባባ ሰዋስው ለወንድማቸው ልጅ እንኳ ግማሽ ነጥብ ጨምረው የማያውቁ ሰው ናቸው። አሪኬን አዩ፣ ሴትየዋን አዩ።

«አራት» አሉ። «ከአሥር።»

የሪድዋን እናት ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ወደ ወገኖቻቸው ዞሩ።

«አራት! ሰማችሁ? ባባ ጋኒዩ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ወዴት ነው? አራት አገኘ! አንድ ቀን ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው! ከጎኑ የተኛ ጡረተኛ ጸሐፊ በስድስት ሳምንት ነው ያስተማረው፣ ያውም ሁለቱም በመርፌ ተሰክተው! ‹በኛው በዮሩባ ተናገርና ይጻፉልህ፣ ምን አስጨነቀህ› ስለው ‹ለእንግሊዝኛ መምህር በቋንቋቸው ካልጻፍኩ ንቀት ነው› አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ደብተሩን ያረመለት ሰው አልነበረም። አንድም ሰው!»

ይህን ብለው ባባ ሰዋስው ፊት ተንበረከኩ። ሊያመሰግኑ ነው።

ባባ ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ ሚዛናቸውን ሳቱና እሳቸውም ከነሰፊው ቀሚሳቸው ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። ሁለት አዛውንቶች መሬት ላይ ፊት ለፊት ቀሩ። አሪኬ ሄዳ በሪድዋን እናት ጎን ተንበረከከች፤ ሴትየዋም ሳያዩ እጇን ያዙ።

«አሁን ስህተቱን ያንብቡልኝ» አሉ። «አንድ በአንድ። ነገ መቃብሩ ጋ ሄጄ እነግረዋለሁ። ምኑ ላይ እንደጠፋበት ሳያውቅ አይቅር። ቀስ ብለው ያንብቡ እንጂ በቃሌ እይዘዋለሁ።»

ወረቀቱን ለባባ ሰጠሁ። ማይኩንም ወደ አፋቸው አስጠጋሁ፤ ልማድ ነው፣ እጄን አላዘዝኩትም። ጣታቸውን በቀይ በተሰረዘው የመጀመሪያ መስመር ላይ አሳረፉ። እኔም አብሬ አየሁት። የሟቹ እንግሊዝኛ የተወለጋገደ ነው፤ በደህናው ቋንቋ ቢቃና እንዲህ ይል ነበር፦ በዚያ ቀን እኔ የለሁም። ልጄ ሲሳሳት እንደ ልጅዎ አድርገው ያርሙት።

ባባ ሰዋስው ያን መስመር ከሩብ ሰዓት በፊት አንብበውታል። ሦስት ቦታ ሰርዘውታል። ምን እንደሚል ያዩት ግን አሁን ነው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት፣ ምነው ባላየሁት።

ማንበብ ጀመሩ። ከላይ በቀይ የጻፉትን አላነበቡም። ከሥሩ ያለውን እርሳሱን፣ ጎሚስታው እንደጻፉት፣ ከነጠማማነቱ፣ አንዲት ቃል ሳያቃኑ አነበቡ።

የሪድዋን እናት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የማያውቁትን እንግሊዝኛ ቃል በቃል እየደገሙ አጠኑት። ባባ ጋኒዩ ማንበብ ይችላሉ። ወረቀቱን አዩ፣ ባባን አዩ፣ ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«እንዲህ ነበር ማለት የነበረበት?» አሉ እናትየው።

«እንዲህ ነው» አሉ ባባ ሰዋስው።

«ይድገሙልኝ።»

ደገሙላቸው።