የጋሼ ክፍሌ ድንች

ኤደን ከመጠጥ ማሽኑ አጠገብ የወረቀት ብርጭቆ ክዳኖቹን እየደረደረች ነበር። ከምሳ ግርግር በፊት ያለችውን ጸጥታ ትወዳታለች። እዚህ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ያለው በርገር ቤት ሱፐርቫይዘር ከሆነች ገና ወሯ ነው። ጠዋት ማናጀሯ ቢሮ ጠርታት፣ "ከመኪና ሳይወርዱ የሚገዙት ሰልፍ ዛሬም ከተጓተተ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ብላታለች።

ሰልፉ የሚጓተተው በጋሼ ክፍሌ መሆኑን ኤደን ታውቃለች። ድንች የሚጠብሱት እሳቸው ናቸው፤ የሚጠብሱትም ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ነው። የቤቱ ደንብ ቀድሞ መጥበስ፣ ገዢ ሳያገኝ የቆየውን መጣል ነው። ጋሼ ክፍሌ ግን የሚበላ ነገር መጣል አይሆንላቸውም።

ልትነግራቸው አልቻለችም። ቤተሰቧ ቶሮንቶ ሲገባ ኤርፖርት የተቀበሏቸው፣ ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር አፓርታማ እስኪያገኙ ሳሎናቸውን የለቀቁላቸው እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን አፍ አውጥቶ ያዛል? ስለዚህ ሰልፉ ሲረዝም መኪኖቹን ከምታስተናግድበት መስኮት ወደ መጥበሻው ራሷ ትሮጣለች።

ዛሬም የትእዛዙን ደቂቃ የሚቆጥረው ስክሪን ዘግይታችኋል ብሎ ቀይ ሲሆን ሮጠች። የድንቹን ቅርጫት ከመጥበሻው ስታነሳ ዘይት እጇ ላይ ፈናጠቀ።

"አሳዪኝ" አሉ ጋሼ ክፍሌ። እጇን ይዘው ቀዝቃዛ ውኃ ከፈቱላት። "ለመሆኑ አንቺ መስኮቱ ላይ አይደለሽም?"

"ላግዝዎት ብዬ ነው።"

"ለአንድ መጥበሻ ሁለት ሰው? ወይስ አርጅቼ ታየሁሽ?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ጋሼ።" ዓይኗን ከውኃው ላይ አላነሳችም። "ማናጀሯ ድንቹ ቀድሞ ይጠበስ ትላለች። ዛሬም ከዘገየ ሱፐርቫይዘርነቴ ይቀራል።"

"ይሄን ይዘሽ ነው እስከዛሬ የምትሮጪው?"

"እርስዎን እንዴት አድርጌ ልዘዝ?"

"በአፍሽ ነዋ። ሌላው በምን ያዛል?" ሳቅ አሉ። "ልጄ፣ ብታዢኝ አይከፋኝም። በእኔ ምክንያት እጅሽ ሲቃጠል ነው የሚከፋኝ።"

ኤደን ውኃውን ዘጋች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እንግዲያው ሁለት ቅርጫት አሁን ይክተቱልኝ። ከዚያም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ይቀጥሉ።"

"እሺ፣ ቦስ። የተረፈውስ?"

"እሱን እኔ እጥለዋለሁ። እርስዎ አይንኩት።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ቅርጫቶቹን ዘይቱ ውስጥ ሰደዷቸው።

ከዚያ በኋላ ኤደን ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። የሞላ ከረጢት ከኋላዋ ይደርሳታል፣ መኪናው ያልፋል። ማናጀሯ ብቅ ብላ ስክሪኑ አረንጓዴ መሆኑን አየችና አውራ ጣቷን አሳይታት ተመለሰች። ኤደን ወደ መጥበሻው ዞር ብላ የጋሼ ክፍሌን ትከሻ አየች። ውለታቸው እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

ግርግሩ ሲያልፍ ማሞቂያው መብራት ሥር የደረቀ ድንች ቀርቶ ነበር። ጋሼ ክፍሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ጨው ይሞላሉ፤ አውቀው ነው። ኤደን ትሪውን አነሳች፤ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ወለወለችውና ቦታው መለሰችው።